የአባቴን ስጋት ቆጥራ ለነገረችን የባሕር ዳር ሐኪም

ይህን የምጽፈው እዚህ ባሕር ዳር የምትሠራ አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም ለማመስገን ነው። ስሟን እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች። ቤቱ የልብ ታማሚ ያለ ሰው ግን ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ ክሊኒኩን እነግረዋለሁ።

አባቴ 76 ዓመቱ ነው። ዘጌ ነው የሚኖረው፣ ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲለቅምና ሲያሰጣ የኖረ ሰው። ስኳርም አለበት። ኅዳር ላይ ከጀልባ ወርዶ ዳገቱን ሲወጣ ደረቱን ጭምድድ አድርጎ ያዘው። መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ የልብ ደም ስሩ ሳይጠብ እንዳልቀረ ነገሩን። አዲስ አበባ ሄዶ አንጂዮግራፊ (የልብ ደም ስር ኤክስሬይ) ይነሣ፣ ካስፈለገም ስቴንት (የጠበበውን ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ይግባለት ተባለ። "ይሄ አሁን ቀላል ነገር ነው፣ አታስቡ" አሉን። ስለ ኩላሊቱ አንድም ሰው አልጠየቀንም። እኛም ለልብ ሕክምና ኩላሊት ምን አገናኘው ብለን የት እናስበው።

ወደ እሷ የመራችን ጎረቤታችን ናት። ዶክተሯ ገና በስልክ "የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ" አለችን። ፌስታሉን ስታራግፈው ዳይክሎፌናክ ወጣ። አባዬ ለጉልበቱ እያለ ከፋርማሲ የሚገዛው ነው። "ይሄ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፣ ኩላሊት ይጎዳል" አለች። ደም አስመርምራ ውጤቱ ሲመጣ ክሬያቲኒኑ፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ማለት ነው፣ 1.7 ሆኖ ተገኘ። ደም ማነስም ነበረበት።

ነገሩን እንዲህ አስረዳችን። የልብ ደም ስር በኤክስሬይ እንዲታይ በቀጭን ቱቦ ኮንትራስት የሚባል ቀለም ይረጫል። ቀለሙን ከሰውነት የሚያወጣው ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ቀድሞ የደከመ ሰው ላይ ይከብዳል። ሮክሳና ሜህራን የተባለች የልብ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣችው፣ ቀለሙ ኩላሊት የመጉዳቱን ስጋት የሚገምት የነጥብ ስሌት አለ። በዚያ ስሌት አባዬን ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ደመረችው። ዕድሜው ከ75 በላይ ስለሆነ 4። ስኳር 3። ደም ማነስ 3። ክሬያቲኒኑ ከ1.5 ስላለፈ 4። ድምሩ 14። የልብ ድካም ቢኖርበት 5 ይጨመር ነበር፣ ኢኮው (የልብ አልትራሳውንዱ) ላይ ግን አልታየም፣ ተመስገን። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ቀለም 1 ነጥብ ይታከላል።

"እሺ ልጄ፣ 14 ማለት ምን ማለት ነው? ሳትደብቂ ንገሪኝ" አላት።

አልደበቀችውም። ስሌቱ በተሠራባቸው ሰዎች ላይ ከ11 እስከ 15 ነጥብ ከነበራቸው ከመቶ 26 ያህሉ ኩላሊታቸው ተጎድቷል። 16 እና ከዚያ በላይ የነበራቸው ግን ከመቶ 57። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ያስፈለጋቸው ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 1 ገደማ ሲሆኑ ከሁለተኛዎቹ ከመቶ 12 በላይ ናቸው።

አባዬ ትንሽ አሰበና "አራት ሆነን ታንኳ ተሳፍረን አንዳችን ውሃ ገባን እንደማለት ነዋ" አለ።

"አዎ አባባ። ግን ውሃ የገባው አብዛኛው ዋኝቶ ይወጣል። ኩላሊቱም ብዙ ጊዜ በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ይመለሳል።"

እኔ በዚያች ደቂቃ ነው ትንፋሽ ያገኘሁት። ስሌቱ ሌላ አገር በታከሙ ሰዎች ላይ የተሠራ መሆኑን፣ የአንድን ሰው ዕጣ እንደማይናገርም ጨምራ ነገረችን። "ቁጥሩን የፈለግሁት ላስፈራችሁ አይደለም፣ ልንቀንሰው የምንችለውን ለማየት ነው" አለች። ዕድሜን ማንም አይቀንስም። የቀለሙን መጠን ግን መቀነስ ይቻላል።

ለአዲስ አበባው ሐኪም ደብዳቤ ጻፈች። ነጥቡን ከነዝርዝሩ አሰፈረች። ቀለሙ በተቻለ መጠን ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳያልፍ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ሳላይን (በደም ስር የሚሰጥ የጨው ውሃ) እንዲሰጠው ጠየቀች። የአንጓውን ትርታ ዳስሳ፣ ከተቻለ በብሽሽት ሳይሆን በእጅ አንጓ እንዲገቡ አሳሰበች። በእጅ ሲሆን የመድማት አደጋው ያንሳል። የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን መቼ አቁሞ መቼ እንደሚጀምር ለእኔ ለብቻው ጻፈችልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሌላ ሰው ባላሰበውም ነበር። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው። አባዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳን አይቀምስም። ዶክተሯ አልተቆጣችውም። "አባባ፣ የንስሐ አባትዎን ያማክሩልኝ፣ ኩላሊትዎ ውሃ ይፈልጋል" አለችው። የንስሐ አባቱም ወዲያው ፈቀዱለት። እኛ ልጆቹ ብንለው ኖሮ በጭራሽ አይሰማንም ነበር።

አዲስ አበባ ያከመው ሐኪም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። በእጅ አንጓው ገብተው አንድ ስቴንት አስገቡለት። የፈጀው ቀለም 90 ሚሊ ሊትር ነው። በሁለተኛው ቀን ክሬያቲኒኑ 1.8 ነበር፣ በሳምንቱ ወደ 1.7 ተመለሰ። ማታውኑ ደውላ ውጤቱን የጠየቀችን እሷው ናት። ደም እንዳይረጋ የሚወስዳቸውን አስፕሪኑንና ክሎፒዶግሬሉን ሳትጠይቁኝ እንዳታቋርጡ ብላ አስጠነቀቀችን።

ለዚህ ሁሉ የከፈልነው የካርድና የላቦራቶሪ ብቻ ነው። አባዬ የራሱን ቡና በቁና ሰፍሮ ላከላት። አልቀበልም ብላ ስትከራከር ቆይታ፣ ለክሊኒኩ ሠራተኞች ይፈላ ብላ ተቀበለች።

ወደ እሷ የምትሄዱ ሰዎች ከሰዓት ነው የምትገኘው፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ በጊዜ ውጡ። የቆዩ የላቦራቶሪ ወረቀቶችን አትጣሉ። መድኃኒቶቹን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ካለ እሱንም፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ወደ ሌላ ሐኪም የምትሄዱም ብትሆኑ ስቴንት ከተባለ ክሬያቲኒኑ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቀለም እንደሚፈጅና በእጅ ይሁን በብሽሽት ጠይቁ። እሷ ራሷ "ይሄን ጠይቁ" ብላ ያስተማረችን ነው።