የጀልባዬን ቤንዚን ሞተሮች በናፍጣ ከቀየርኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ

የሙሽራዋ ቬሎ ላይ ያረፈውን ጥላሸት በዓይኔ ባላየው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ሞተሩ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ስለሱ ምን ይጻፋል? ግን አየሁት። ጥር ወር ነው፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው መናፈሻ ተነስተን ጉማሬ ወደሚታይበት እየሄድን ፎቶ አንሺው "ትንሽ ፈጠን በልልን፣ ቬሎው ነፋስ ይግባበት" አለኝ። ነዳጅ ሰጠሁት። ቬሎውም ነፋስ ገባበት። ከኋላችን ደግሞ ጥቁር ጭስ ቡፍ ብሎ ወጣ። የሐዋሳን የከሰዓት ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጀርባችን እየገፋ ነበርና ጭሱን አንከባሎ እላያችን ላይ አመጣው።

የሙሽራዋ እናት መሐረባቸውን በሐይቁ ውሃ ነክረው የልጃቸውን ትከሻ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ጥላሸት በውሃ አይጠረግም። የሳንቲም ታክል የነበረችው ነጥብ መዳፍ አከለች። ቬሎው የኪራይ ነው። ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ሚዜዎቹ እንኳ መጨፈራቸውን ተዉት። እናትየው ቀና ብለው አይተውኝ "ምነው የኔ ልጅ፣ ለሠርግ ጭስ?" አሉኝ። ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የጀልባውን ሒሳብ መለስኩ፣ የላውንደሪውንም ከፈልኩ፤ ያ ቀን ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ጀልባዬ ዘጠኝ ሜትር የብረት ጀልባ ናት። ድሮ ከኋላዋ ሁለት ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ቤንዚን ሞተሮች ተሰቅለውላት ነበር፣ ሁለቱም ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጣቸው ሁለት ስትሮክ። ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት። በዝግታ ሳሽከረክራቸው እንኳ ሁለቱ በሰዓት 14 ሊትር ይጠጡ ነበር። ቤንዚን ደግሞ እዚህ ከተማ እንዴት እንደሚገኝ የምታውቁት ነው። ጀልባ ማደያ ሄዳ አትሰለፍም፤ በጀሪካን ልቅዳ ስትል ደብዳቤ አምጣ ትባላለህ፤ ደብዳቤውን ስታመጣ ቤንዚኑ አልቋል። ከዚያ የሚቀርህ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ነው፣ እሱንም ምን እንደተቀላቀለበት ሳታውቅ። የገብርኤል ሰሞን፣ ታኅሣሥ 19 ከተማው በእንግዳ ሲጥለቀለቅ፣ ሌላው ሰው እየጫነ እኔ ባዶ ሰርባቶዮ ታቅፌ ዳር የቆምኩበት ዓመት አለ። ናፍጣ ልግባ ያልኩት ያኔ ነው። የናፍጣና የቤንዚን የማደያ ዋጋ ያን ያህል አይራራቅም፣ ናፍጣም ወረፋ አለው፤ ቁም ነገሩ ግን ግማሹ ይበቃል። አሁን ሁለቱ ሞተሮች በሰዓት 7 ሊትር አካባቢ ነው የሚፈጁት። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም፤ አለፍኩት።

አሁን ወደ ሻጩ ልምጣ። ስሙንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም። አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ አስቀምጦኝ፣ ማኪያቶ ጋብዞኝ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ አንዱ ባለ 30 ፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ፣ የሌለው ሞተር አሳየኝ። "80 ነው የነበረኝ፣ 60 አይበቃኝም" ስለው ሳቀ። "ጋሼ፣ የናፍጣ ፈረስ ከቤንዚን ፈረስ ይበረታል" አለኝ። እኔም ጅሉ አብሬው ሳቅኩ።

ወንድሜ፣ ፈረስ ፈረስ ነው! ናፍጣ በዝቅተኛ ዙር ጥሩ ይገፋል ማለትህ ከሆነ እሱ እውነት ነው፤ 60 ግን 60 ነው፣ ደግሞም 60 የሆነው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። አንተ የሞተሩን መግለጫ ወረቀት የምታነብልኝ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቁጭ ብለህ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ወደ 1,690 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ሞተሩ የሚስበው አየር ከባሕር ጠረፉ 17 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። 60 ብለህ የሸጥክልኝ እኔ ጋ ሲደርስ 50 ነው። "ቤንዚኑስ አይቀንስም ነበር?" ትለኝ ይሆናል። ይቀንሳል እንጂ። 80 ስለነበር ግን ሲቀንስም ስድሳዎቹ ውስጥ ይቀራል፤ ማንም አላወቀበትም። ቱርቦ ያለው አምጣልኝ ብዬ ስጠይቅህ "ሐይቅ እኮ ነው ጋሼ፣ ቱርቦ ምን ያደርግልሃል" ያልከኝ አንተ ነህ።

ከሠርጉ በኋላ ሦስት ሜካኒክ አየው። አንዱ ኖዝል ነው አለ፤ ኖዝሎቹ ወጡ፣ ተፈተሹ፣ ደህና ናቸው። ሌላው ፊልትሮ ነው አለ፤ ቀየርን። ሦስተኛው ናፍጣው ነው አለ፤ ስንት ቀን ተሰልፌ ያመጣሁት ናፍጣ። ጭሱ እንዳለ ነው። መጨረሻ ላይ ሠፈራችን ያሉ፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሥር ተኝተው የጨረሱ አባት ለምኜ አመጣሁ። ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ሲሳፈሩም ክንዴን አልለቅ ብለው ነው። ጥግ ይዘው ተቀመጡና "እስኪ ጨርሰህ ስጠው" አሉኝ። ሰጠሁት።

"ስንት ዙር ይላል?"

"3,050፣ አባባ።"

"ወረቀቱስ ስንት ነው የሚለው?"

"3,600።"

"ልጄ፣ ይሄ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ የተተወ አይሱዙ ነው። ማርሽ ቀንስለት።"

"ጀልባ እኮ እንደ መኪና ማርሽ የላትም፣ አባባ። ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ነው።"

በጣታቸው ወደ ውሃው አመለከቱ። "ማርሹ እዚያ ታች ነው ያለው።"

ፕሮፔለሩን ነው። ነገሩ ኋላ ገባኝ። ቤንዚን ሞተር ላይ ነዳጅና አየሩ አንድ ላይ ነው የሚከፈቱት፤ ጉልበት ሲያጥረው ይደክማል እንጂ ያን ያህል አያጠቁርም። ናፍጣ ሞተር ግን የታዘዘበትን ዙር ለመያዝ ፖምፓው ነዳጁን መጨመር ነው ሥራው። ፕሮፔለሩ ከከበደው ዙሩ አይሞላም፣ ፖምፓው ይጨምራል፣ የሳሳው አየር ያን ሁሉ ነዳጅ አያቃጥልም፣ ያልነደደው በጭስ ማውጫ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። የሞተሮቹ ጥፋት አልነበረም። ጠረፍ ላይ ላለ ሞተር የተሰላ ባለ 17 ኢንች ፕሮፔለር ሐዋሳ አምጥቶ የገጠመልኝ ሰው ጥፋት ነው።

አዲስ ፕሮፔለር ከውጭ ለማስመጣት ወራት ይፈጃል፤ የየካቲትን ሠርግ ማን ይጠብቅልኛል? ጀልባዋን በሰው ጉልበት ወደ ዳር ጎትተን፣ ሁለቱንም ፕሮፔለሮች ፈትተን ቶርኖ ቤት ወሰድናቸው። ስንፈታ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ የሐይቁ ዳር ትልልቅ ወፎች፣ ዓሣ የምናርድ መስሏቸው ዙሪያችንን ተኮልኩለው ቆመው ነበር፤ ነሐስ መሆኑን ሲያዩ ተናደው የሄዱ ይመስለኛል። የቶርኖው ልጅ የምላሶቹን ጫፍ ላጭቶ 17 የነበረውን 16 ኢንች አደረገው። ከዚያ እያንዳንዱን ምላስ እኩል እስኪመዝን በሞላ ማሽን፣ በመሞረጃው፣ ሲያሻሽ ዋለ፤ አንዱ ምላስ ትንሽ ከከበደ ጀልባዋ በሙሉ ትንቀጠቀጣለች። ነሐሱ ወለሉ ላይ እንደ ወርቅ ብናኝ ተበተነ፤ የኔም ብር አብሮ የተበተነ መሰለኝ። ያስከፈለኝ ግን ለላውንደሪው ከከፈልኩት እምብዛም አይበልጥም ብል ማን ያምነኛል?

በማግስቱ ጠዋት፣ ሐይቁ እንደ መስታወት በተኛበት ሰዓት፣ አሞራ ገደል ፊት ለፊት ጨርሼ ሰጠሁት። 3,400። ዞሬ አየሁ፤ ከኋላ ስስ፣ ግራጫ ነገር፣ እንደ ሲጋራ ጭስ። ያንን ቁጥር ሳይ ብቻዬን ጮህኩ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከታንኳው ላይ "ደህና ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ስለ መረብ ሳልናገር ግን ብጨርስ ውሸታም እሆናለሁ። የድሮዎቹ ሞተሮች መረብ ሲይዛቸው ከውሃ ቀና አድርገህ፣ በቢላ ቆርጠህ፣ መልሰህ ታወርዳለህ፤ እጅህ ብቻ ይረጥባል። የአሁኖቹ ፕሮፔለሮች ከጀልባዋ ሆድ ሥር ናቸው። ሚያዝያ ላይ አመሻሽ ሲሆን ቀኙ መረብ ጠቀለለ፤ ረዳቴ ቢላ በጥርሱ ነክሶ ገባ፣ እኔ ከላይ ባትሪ አብርቼ ጉማሬ እንዳይመጣ ዙሪያውን አማትራለሁ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ ለኔ ሃያ ዓመት ነበር። ይህን ሻጩ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ደግሞም ዳር ድረስ ወጥቶ አፈር ላይ መቆም ቀርቷል፤ መቆሚያ ድልድይ ያስፈልጋል። ፊላና ሳር ሲበዛ የማቀዝቀዣው ውሃ መግቢያ ወንፊት ይደፈናል፣ በየጠዋቱ መጥረግ ነው። ይህ ይለመዳል። መረቡ ግን አልተለመደኝም።

ታዲያ ተጸጸትክ ወይ ብትሉኝ አልተጸጸትኩም። ድሮ አንድ ተሳፋሪ ሲጋራ ሲለኩስ ሆዴ ይገላበጥ ነበር። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጀልባዋ ወለል ሥር ገብቶ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ናፍጣ እንዲያ በቀላሉ አይተንም፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ክብሪት ብትጭርበት የሚቀጣጠል ትነት የለውም። ሃያ ሰው ሐይቅ መሃል ይዤ ስሄድ እንቅልፍ የሚሰጠኝ ይሄ ነው፤ የሊትሩ ቁጠባ ሁለተኛ ነው። ዛሬ ብትጠይቁኝ ድጋሚ እገዛለሁ፣ ግን ባለ ቱርቦውን። የሠርጉ ዕለት ማታ ጠይቃችሁኝ ቢሆን ሁለቱንም ሞተሮች ለሐይቁ ሰጥቼ በመቅዘፊያ እገባ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሻጩ ደወለ። ዝዋይ ላይ ጀልባ ያለው ደንበኛ አግኝቷል፤ ጥሩ መሆኑን እንድመሰክርለት ፈለገ።

"ስንት ሜትር እንደሆነ አውቀሃል?" አልኩት።

"ጀልባዋ? ስምንት ሜትር ናት ጋሼ።"

"ሐይቁ ነው ያልኩህ።"