ይርጋጨፌ ቡና ለማየት የምትሄዱ፣ ይህን አስጎብኚ ያዙ

ቡና የሚቆሉና የሚገዙ ሰዎችን ይርጋጨፌ ወደሚገኝበት ጌዴኦ ስንወስድ ሥራችንን ለሚያቃናልን የይርጋጨፌ አስጎብኚ ከልብ እናመሰግናለን፤ እግዜር ይስጥልን። ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለገም፤ ስልኩን ለሚጠይቅ ግን በፈቃዱ በውስጥ መስመር እንልካለን።

ከሌሎች የሚለየው ቀኑን በእንግዳው ሳይሆን በቡናው ሰዓት መደልደሉ ነው። ብዙ ጎብኚ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይደርስና የእሸቱን ቆዳ የሚገፈውን መፈልፈያ ማሽን ቆሞ ያገኘዋል። እሸት ቡና ቀን ተለቅሞ ጣቢያ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነውና ማሽኑ በጠዋት ሥራ የለውም። ስለዚህ እሱ ጠዋቱን ለገበሬው ማሳ ይሰጣል፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሚዛኑ ጋ ያደርሳችኋል፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ማሽኑ ሲነሳ እዚያው ናችሁ። እሸቱ ሳይፈለፈል ካደረ በጆንያው ውስጥ ሞቆ መብላላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል፤ የማታው ጥድፊያ ለዚህ ነው። ቀደም ባሉት ቀናት የተፈለፈለው ቡና ሲታጠብና ሲሰጣ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ታያላችሁ።

ማብላያ ገንዳው ዘንድ ብዙ ያቆያል፤ ደግ ያደርጋል። ቡናው እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ከ36 እስከ 72 ሰዓት ይብላላል። ሠራተኛው እፍኝ ያወጣል፣ በውኃ ያለቀልቃል፣ በሁለት መዳፉ ያሻል። ካሟለጨ ፍሬውን የሸፈነው ልጋግ ገና አልለቀቀም፤ እንደ ጠጠር ከሻከረ ደርሷል። ይህን በእጃችሁ እንድትሞክሩ ያስፈቅድላችኋል፤ በዚያ ቀን ሽቶና የእጅ ቅባት እንዳትቀቡም አስቀድሞ ይነግራችኋል፣ ቡና ሽታ ይስባልና። ማድረቂያ አልጋው ላይ ደግሞ በቀትር ፀሐይ ለምን እንደሚሸፈን ጠይቁት፦ ፍሬውን የሸፈነው ስስ ገለባ እንዳይሰነጠቅ ነው። ማታ የሚሸፈነው ለጤዛው ነው።

መቼ እንምጣ ስትሉት፣ ምን ማየት እንደምትፈልጉ ይጠይቃል። አበባ ከሆነ የካቲትና መጋቢት ነው፤ ዝናብ ጠብቆ ይፈካና በጥቂት ቀን ይረግፋል፣ ስለዚህ ቀን ቆርጦ አይሰጥም። ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እኛ የምንመርጠው የኅዳርን ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ለቀማው አላለቀም፣ አልጋዎቹም ሞልተዋል። ነሐሴ ላይ የሚሄድ አረንጓዴ ፍሬና ጭቃ ያያል።

ፈቃድ የሚጨርሰው እሱ ነው። ጣቢያው የማኅበር ከሆነ ከማኅበሩ አመራር፣ የግል ከሆነ ከባለቤቱ ቀድሞ ያስፈቅዳል፤ ሳያስፈቅዱ መድረስ ከበር ያስመልሳል። ለገበሬው ቤተሰብ የሚሰጠውንም ገንዘብ ቀድሞ ያስማማችሁና በእጃችሁ ለባለቤቱ ታስረክባላችሁ። በኪሎ የሚከፈላቸው ለቃሚዎች ካሉ ፎቶ ለማንሳት አያስቆምም፤ የቆሙበት ደቂቃ ከእንጀራቸው ይቀነሳል። ይህን ጥንቃቄውን ከሁሉም በላይ እናከብረዋለን።

ማሳው ውስጥ ዋንዛውን፣ ብርብራውን፣ ከሥራቸው ቡናውንና እንሰቱን እያሳየ ጥላው ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚሁ አሠራሩ ነው፤ እዚያ ቆሞ መስማት ሌላ ነው።

መኪና የለውም፤ ይህን እወቁ። እስከ ይርጋጨፌ ከተማ በሐዋሳና በዲላ በኩል አስፋልት ነው። ወደ ቀበሌዎቹ ሲገባ ግን ቀዩ አፈር ዝናብ ከነካው ያንሸራትታል፣ ዝቅ ያለች መኪና ሆዷን ይዛ ትቀራለች። ከፍ ያለ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ተከራዩ። ጃኬት፣ የእጅ ባትሪና ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ያለፈቃድ ብዛት ያለው ጀንፈል፣ ማለትም ከነቆዳው የደረቀ ቡና፣ ከገበሬ ገዝቶ መጫን ኬላ ላይ ጣጣ ያመጣል፤ ተዉት።

ከስድስት ሰው በላይ በአንድ ጊዜ አይቀበልም፤ በአልጋዎቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው። በለቀማ ወቅት ቀኖቹ ቶሎ ስለሚያዙ፣ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ደውሉለት፤ ስንት ሰው እንደሆናችሁና ተፈልፍሎ የሚታጠበውን ቡና ወይስ ከነቆዳው የሚደርቀውን ማየት እንደምትፈልጉ ንገሩት።