አሮጌው ፓዮኒር አምፕሊፋየር በ4 ኦም፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለወራት ከሠራሁበት በኋላ

ይህ የመኪና አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) እኔ ከያዝሁት ወዲህ አንድም ቀን በራሱ አልጠፋም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መጻፌ የሸጠልኝ ሰው «ድምፁ ከፍ ሲል ይጠፋል፤ ለመለዋወጫ ካልሆነ አይረባህም» ብሎ በርካሽ የለቀቀልኝ ዕቃ ስለሆነ ነው። የፓዮኒር ኩባንያ «ጂኤም» ከሚለው ተከታታይ ምርት ነው፤ ባለ ሁለት ቻናል፣ ክላስ ኤቢ (ብዙ የሚሞቅ የአሠራር ዓይነት)፣ እጅ የሚያስረዝም ክብደት ያለው የድሮ ሥሪት። አሁን ኮሮላዬ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ አንድ ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) እየነዳ ከደሴ ኮምቦልቻ ይመላለሳል፤ የኮምቦልቻ የግንቦት ከሰዓት በኋላ ሙቀት እንኳ አላስቆመውም።

የቀድሞው ባለቤት አልዋሸም፤ እሱ ዘንድ በእርግጥ ይጠፋ ነበር። የሚጠፋው ግን በዕድሜው ሳይሆን በተጫነበት ጭነት ነበር። ዕቃውን ልረከብ ስሄድ ሰብዉፈሩ ገና አልተፈታም ነበርና የቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ሁለት ጫፎች ሽቦው ላይ አስጠግቼ ለካሁት፤ 1.8 ኦም አነበበ። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አምፕሊፋየሩ ብዙ ጅረት እንዲያወጣ ይገደዳል። ባለ ሁለት ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ሰብዉፈር ነበር፤ እያንዳንዱ ኮይል 4 ኦም ሆኖ ሁለቱ በፓራለል (ጎን ለጎን) ታስረው ወደ 2 ኦም ወርደዋል፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ በብሪጅ፣ ማለትም ሁለቱ ቻናሎች አንድ ስፒከር እንዲነዱ ሆኖ፣ ተገናኝቷል። የዚህ ተከታታይ መመሪያ የሚለው ግልጽ ነው፦ በስቴሪዮ (እያንዳንዱ ቻናል ለብቻው ሲነዳ) ከ2 እስከ 8 ኦም፣ በብሪጅ ከ4 እስከ 8 ኦም። ገጣሚው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አይቶ «2 ኦም ይችላል» ብሎ አስሮታል።

እዚህ ላይ ሰዎች በብዛት ስለሚሳሳቱ ጥቂት ልቆይ። ብሪጅ ማለት ሁለቱ ቻናሎች አንዱን ስፒከር እንደ ሁለት ሰው መጋዝ ከግራና ከቀኝ መያዛቸው ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ በዚህም ስፒከሩ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ እጥፍ ይሆናል። አንዱ ቻናል ለብቻው 10 ቮልት ቢሰጥ በብሪጅ 20 ቮልት ይሆናል። 20 ቮልት በ4 ኦም ላይ 5 አምፒር ያስኬዳል፤ ይህ አንድ ቻናል ለብቻው 2 ኦም ሲነዳ ከሚያወጣው ጋር እኩል ነው። ያንኑ 20 ቮልት 2 ኦም ላይ ብናደርገው 10 አምፒር ይሆናል፤ ማለትም እያንዳንዱ ቻናል 1 ኦም የተጫነበት ያህል ይሠቃያል። በክላስ ኤቢ ደግሞ የሚገባው ኃይል ሁሉ ወደ ስፒከሩ አይሄድም፤ ብዙ ድርሻው ድምፁን በሚያጎሉት ትራንዚስተሮች ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ጭነቱ ሲበዛበት ራሱን እያጠፋ ከመቃጠል የዳነውን አምፕሊፋየር ተበላሽቷል ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

እኔ የገዛሁት አምፕሊፋየሩን ብቻ ነው፤ ሰብዉፈሩን ተውኩለት። በምትኩ ሁለቱም ኮይሎቹ 2 ኦም የሆኑ ሰብዉፈር ፈልጌ በሲሪየስ አሰርኋቸው፤ የአንዱ ኮይል ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር ይገናኛል፣ የቀሩት ሁለት ጫፎች ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳሉ። ቴስተሩ 3.6 አለ፤ ይህ ለ4 ኦም ስፒከር ጤናማ ንባብ ነው፣ ምክንያቱም ቴስተር የሚለካው የሽቦውን ቀጥተኛ ሬዚስታንስ ስለሆነ ከተጻፈው ቁጥር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከመለካታችሁ በፊት የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካክታችሁ የሚታየውን ትንሽ ቁጥር ቀንሱ፤ በ2 እና በ4 ኦም መካከል ስትወስኑ ያቺ ትንሽ ቁጥር ዋጋ አላት።

ከመግጠሜ በፊት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላለ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ሰጥቼው ነበር፤ ጫፋቸው ያበጠ ሁለት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ቀየረ፣ ከትራንዚስተሮቹ ሥር እንደ ኖራ ደርቆ የሚፈረፈረውን የሙቀት ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባ። ይህ ለማንኛውም አሮጌ አምፕሊፋየር መደረግ ያለበት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከቆላው ሳሳ ይላል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ የአሉሚኒየም ክንፎች ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ብርዱ ይክሰዋል፤ ኮምቦልቻ ሲወረድ ግን ብርዱም ይቀራል። ስለዚህ ምንጣፍ ሥር አልቀበርሁትም፤ ክንፎቹ አየር እንዲያገኙ ከወንበሩ ጀርባ ላይ አቁሜ አሰርሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ደስታ ነው። ቤዙ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ ከበሮው ከክራሩ ጋር አይደባለቅም። ቁልቁለቱን ጨርሼ ኮምቦልቻ ስገባ እጄን አምፕሊፋየሩ ላይ ባሳርፍ ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም።

አሁን ስለ መኪና ጌጣጌጥ ሱቆች ላንሳ። «ወንድሜ፣ ይሄን ብረት ጣለው፤ 2,000 ዋት አለልህ» የሚል ሻጭ ሲገጥመኝ የምጠይቀው የፊውዙን ቁጥር ነው። ፊውዙ 30 አምፒር ከሆነ መኪናው በሚሰጠው 14 ቮልት ተባዝቶ 420 ዋት ነው፤ ይህም የሚገባው እንጂ የሚወጣው አይደለም። ክላስ ኤቢ ከሆነ ከዚያ ላይ ግማሽ ሊጠጋ የሚችለው በሙቀት ይጠፋል። ታዲያ ሁለቱ ሺህ ዋት ከየት ይመጣል? እኔ የምናደደው በዋጋው አይደለም፤ ልጆች ላባቸውን ያፈሰሱበትን ገንዘብ ካርቶን ላይ ለተጻፈ ቁጥር ሲከፍሉ በማየቴ ነው።

«2 ኦም ብታደርገው እኮ እጥፍ ኃይል ታገኝ ነበር» የሚለኝም አለ። አምፕሊፋየሩ ቢችለው እንኳ የኃይል እጥፍ በጆሮ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው፤ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል። ለዚያች ጭማሪ ብሎ ዛሬ መለዋወጫው በቀላሉ የማይገኝ ትራንዚስተር ማቃጠል አይገባም። የሰብዉፈሩን ሣጥን ስንጥቆች በሲሊኮን መድፈኔ ከዚያ የበለጠ ለውጥ አምጥቶልኛል።

ጉድለት የለውም አልልም። የሲግናል ገመድ መሰኪያዎቹ ስለላሉ ኮረኮንች ላይ አንዳንዴ ይንኮሻኮሻሉ፤ መጠኑም ትልቅ ስለሆነ የሻንጣ ቦታ ይሻማል። ደግሜ እገዛው ነበር ወይ ለሚለኝ ግን መልሴ አዎ ነው፤ በተጠየቀው ዋጋ እጥፍም ቢሆን።

ባለ 4 ኦም ሁለት ኮይል ሰብዉፈር በእጃችሁ ካለ መጣል የለባችሁም። ሁለቱን ኮይሎች በሲሪየስ አስራችሁ 8 ኦም በብሪጅ መንዳት ትችላላችሁ፤ ኃይሉ ይቀንሳል፣ አምፕሊፋየሩ ግን ዘና ብሎ ይሠራል። አለበለዚያ ብሪጁን ትታችሁ ለእያንዳንዱ ቻናል አንድ አንድ ኮይል ስጡ፤ እያንዳንዱ 4 ኦም ያያል። በዚህኛው መንገድ ግን ለሁለቱም ቻናል አንድ ዓይነት ሲግናል መግባቱን፣ የጌይን (የሲግናል ማጉላት) መጠናቸው እኩል መሆኑንና የኮይሎቹ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አለመገላበጡን አረጋግጡ፤ ከተገላበጠ ሁለቱ ኮይሎች እርስ በርስ ስለሚቃረኑ ቤዙ ይጠፋል።