ለጀማሪ ባለጋሪ የብረት ጋሪ፦ አዳማ ላይ ያየናቸው ሶስት ቦታዎች

ሰላም የአዳማ ልጆች። የእህቴ ልጅ ጋሪ ሊጀምር ነው፣ ፈረሱን ከአርሲ በኩል ገዝቶ አምጥቷል፣ ጋሪው ግን ገና ነበር፣ እና ብየዳ ቤት ለብየዳ ቤት አብሬው ስዞር ስለከረምኩ ያየሁትን ልጻፍላችሁ። በዚህ ዘመን ደሞ ጋሪ? ለምትሉ፣ ባጃጅ ሰዉን ወሰደው እንጂ ዕቃውን አልወሰደውም፤ የሽንኩርት ጆንያ፣ ሲሚንቶ፣ ሳር፣ ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃ ምናምን ውስጥ ለውስጥ የሚያደርሰው አሁንም ጋሪ ነው፣ ኮብልስቶን ያልደረሰበት ሰፈር ደግሞ ጭራሽ ሌላ አማራጭ የለም።

ዋጋ በብር አልጽፍም፣ ብረት ዛሬ የነገሩህን ነገ አይደግሙልህም፣ ዛሬ ጽፌ ነገ ውሸታም ከምባል ይቅርብኝ። ግን የቱ ከየትኛው እንደሚረክስ እናገራለሁ።

መጀመሪያ የሄድነው ዋናው መንገድ ላይ ያለ ትልቅ ብረታ ብረት ቤት ነው፣ ስሙን ተዉት። በር መስኮት፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ፣ አጥር፣ ሁሉንም ይሠራሉ፣ ጋሪም እንሠራለን አሉን። ደጃፋቸው ላይ የቆመው ጋሪ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ያምራል፣ ቀይና ሰማያዊ ተቀብቶ፣ ጎኑ ላይ አበባ ሁሉ ተሠርቶበታል፣ ልጁ ዓይኑ እዛው ቀረ። ሰውዬው የወለሉን ላሜራ በቡጢ መታ መታ እያደረገ "ይሄ 2 ሚሊ ነው፣ አርኤችኤሱ (ውስጡ ባዶ የሆነው አራት ማዕዘን ብረት) ደግሞ 40በ40 ባለ 3 ሚሊ፣ የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው ወንድሜ" አለን። በር ቢሆን እሺ። ይሄን ግን የሚጎትተው ፈረስ ነው እኮ! ቁጭ ብለን አሰላነው። ላሜራ በካሬ ሜትር በ1 ሚሊ ውፍረት ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 የሆነ ወለል በ2 ሚሊ ሲሆን 38 ኪሎ ገደማ ነው፣ በ1 ሚሊ ቢሆን ግማሹ። 40በ40 አርኤችኤስ ደግሞ ባለ 3 ሚሊው ከባለ 2 ሚሊው በሜትር አንድ ኪሎ ያህል ይበልጣል፣ ለአንድ ጋሪ 16 ሜትር ብረት ቢሄድ 16 ኪሎ በላዩ ጨምርበት። ከወለሉ 19፣ ከአርኤችኤሱ 16፣ ትርፉ ሲደመር ወደ 35 ኪሎ ነው፣ ማለትም ፈረሱ ባዶውን ሲመለስ እንኳን ማንም የማይከፍልበትን ሁለት ሶስተኛ ከረጢት ሲሚንቶ ተሸክሞ ይውላል ማለት ነው፣ ብሩን ደሞ ከፍለህ የገዛኸው አንተው ነህ። የኛ አገር ፈረስ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት የፈረንጅ ፈረስ አይደለም።

እና በዚህ ሁሉ ወሬ መሃል ሰውዬው ስለፈረሱ አንድም ነገር አልጠየቀንም። ቁመቱ ምን ያህል ነው፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ጋሪ ለምዷል ወይ፣ ምንም። ቅድሚያ ክፍያ ግን ጠየቀን። ወጣን።

ሁለተኛው አሮጌ ጋሪ የሚሸጥበት ቦታ ነው፣ ባለጋሪዎች ራሳቸው ሲተዉ የሚያወጡት። እዚህ ዋጋው ከአዲሱ በጣም ይወርዳል፣ አንዳንዱም ጥሩ ነው፣ ግን ቀለም እንዳያታልላችሁ። አሮጌ ጋሪ ስትገዙ ሳጥኑን እርሱት፣ ሳጥን በየትኛውም ብየዳ ቤት በግማሽ ቀን ይጠገናል፣ የምትገዙት ከስር ያለውን ነው። ብዙው ጋሪ ከስር የተፈታ የቤት መኪና አክስልና ቸርኬ (ጎማው የሚገባበት ብረት) ነው ያለው፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። በድንጋይ ወይ በክሪክ አንሡትና ጎማውን በእጃችሁ አሽከርክሩት፣ እየተንገጫገጨ ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው አልቋል። ከዚያ ጎማውን አንድ እጅ ከላይ አንድ እጅ ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፣ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ላልቷል ወይ ሞዞው (ኩሽኔታው የሚቀመጥበት እምብርት) ተበልቷል፣ ኩሽኔታ ይቀየራል፣ የተበላ ሞዞ ግን ጣጣ ነው። ሲሽከረከር ወደ ግራ ቀኝ የሚዋልል ከሆነ ወይ ቸርኬው ነው ወይ አክስሉ ተጣሟል። አክስሉን ለማወቅ ደግሞ ሲባጎ በቂ ነው፣ የሁለቱን ጎማዎች ርቀት በፊት በኩል ለኩ፣ በኋላ በኩልም ለኩ፣ በጣም ከተለያየ ጎማዎቹ እየተፋተጉ ነው የሚሄዱት፣ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ፍሬን እንደያዘ መኪና ይጎትታል ባለቤቱም "ፈረሴ ሰነፈብኝ" ይላል።

ጎማውም ላይ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፣ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ፣ በሞላላ ክብ ውስጥ። 2315 ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው፣ በፈረንጅ ነው እንጂ በኛ አይደለም፣ አንዱ ሻጭ "ይኸው የ2015 ነው፣ አዲስ ነው" ብሎን በሳቅ ልንሞት ነበር። የአዳማ ፀሐይ ጎማን ከጎኑ ይሰነጥቃል፣ ጥርሱ ቢኖርም ጎኑ ፀጉር ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ከሞላው ተዉት፣ ጭነት ላይ ነው የሚፈነዳው፣ ካላማዳሪ ስላለው ችግር የለውም የሚለውንም አትስሙ።

እዚህ አንድ ልንገዛው የደረስን ጋሪ ነበረ፣ ከስር ጥሩ ነበር፣ ግን ፈረሱ የሚገባበት ሁለቱ ዘንጎች ጠባብ ናቸው፣ የኛ ፈረስ ሆዱ ሊነካቸው ነው። ሻጩ "ይለምደዋል" አለን። አይ፣ ቁስል አይለመድም።

ሦስተኛው ቤት ነው ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ። ከፍራንኮ ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የምትገኝ ትንሽ ብየዳ ቤት ናት፣ ታፔላ የላትም፣ ባለጋሪዎችን ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ሽማግሌ ናቸው፣ ድሮ ራሳቸው ጋሪ ነድተዋል አሉ። ገብተን ሰላም ብለን "አባባ የብረት ጋሪ ፈልገን ነበር" ስንላቸው የመጀመሪያ ቃላቸው ምን መሰላችሁ፣ "ፈረሱስ?" ነው ያሉት። ቤት ነው አልናቸው። "ታዲያ ጋሪውን በማን ልለካው? ሂዱና አምጡት" ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ልጁ ተናደደ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ነው የምናሠራው ብዬ ወሰንኩ።

ፈረሱን አመጣነው። ከመሬት እስከ ኮርቻው ማረፊያ ለኩ፣ ደረቱን ለኩ፣ ከደረቱ እስከ ታፋው ለኩ፣ ጣታቸውን በጎድኑ ላይ ሰደድ አድርገው "ይሄ ገና ሁለት ወር መብላት አለበት" አሉን፣ እሱንም ነገሩን። ከዚያ ነው ስለብረት ማውራት የጀመሩት። የነገሩን ነገር ባጭሩ፣ ባለሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ጉዳዩ ሚዛን ነው። ፈረሱ ሲገባበት ወለሉ አግድም ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ወደ ኋላ ካዘነበለ ዘንጎቹ ወደ ላይ ተነስተው የሆዱን ማሰሪያ ይስቡታል፣ ፈረሱ ይታነቃል፣ ወደ ፊት ካዘነበለ ደግሞ ጭነቱ በሙሉ ወገቡ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አክስሉ የሚቀመጥበት ቦታ ከሳጥኑ መሃል ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፣ ጭነት ሲጫን ዘንጉ ጀርባው ላይ ትንሽ ብቻ እንዲያርፍ። ምን ያህል? እሳቸው መጀመሪያ አክስሉን በቡሎን ብቻ ያዝ አደረጉት፣ ሁለት ጆንያ አሸዋ ጫኑ፣ ዘንጉን በአንድ እጃቸው አነሱት፣ ከበዳቸው፣ አንድ አራት ጣት ያህል ወደ ፊት ገፉት፣ ደግመው አነሱ፣ ልኩ ሲመጣላቸው ነው የበየዱት። ትልቁ ቤት እኮ አክስሉ አስቀድሞ ተበይዶ ቀለም ተቀብቶ ነው የሚጠብቅህ።

ብረቱንም እንደየቦታው ነው የሚለያዩት። አክስሉ የሚያርፍበት ሁለቱ ዋና አግዳሚዎች ብቻ ባለ 3 ሚሊ፣ የቀረው ክፈፍ ባለ 2 ሚሊ፣ ወለሉ ደግሞ ላሜራ አይደለም፣ ጣውላ ነው፣ በቡሎን የታሰረ። ሲሰበር አንዷን ጣውላ ቀይረህ ትሄዳለህ። ዘንጎቹንም ከብረት አልሠሯቸውም። እኔ ሙሉ የብረት ይሁን ብዬ ነበር የሄድኩት፣ "ቀትር ላይ የብረት ዘንግ በእጅህ ይዘኸው ታውቃለህ?" አሉኝ። እውነት ነው፣ አዳማ ነው እኮ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት እጅ ያቃጥላል፣ ፈረሱ ጎኑን አስደግፎት ነው የሚውለው። የባህር ዛፍ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት፣ ክፈፉ ላይ በቡሎን። ዋጋውም ለዚህ ነው የቀነሰው፣ ከትልቁ ቤት በሲሶ ያህል ይረክሳል፣ የተቀነሰው ደግሞ የማያስፈልገው ብረት ነው።

ብየዳውን እኔም ቀረብ ብዬ አየሁት፣ ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ይገባኛል። ባለ 2 ሚሊ ብረት ላይ በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ነው የሚሠሩት፣ ብዙ ቦታ በ3.2 እየሠሩ ብረቱን ይበሱታል ከዛ በላዩ ላይ ይደፍኑታል። መጋጠሚያው ዙሪያውን ተበይዷል እንጂ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ አልተተወም። እናንተም የትም ብታሠሩ ከመቀባቱ በፊት ሄዳችሁ እዩ፣ ከተቀባ በኋላ ሁሉም ብየዳ አንድ ነው የሚመስለው። ክፍት የሆነ የአርኤችኤስ ጫፍ ካያችሁ ይደፈንልን በሉ፣ ክረምት ውሃ ይገባና ከውስጥ ዝገት ይበላዋል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ከቀለሙ በፊት አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) መቀባቱንም ጠይቁ፣ አንዳንዱ ቤት ይዘለዋል።

ባሌስትራ (ንጠቱን የሚያለዝበው የብረት ስፕሪንግ) ይግባ አይግባ የሚለው ላይ ከልጁ ጋር ተጨቃጭቀናል። እሱ ይግባ ባይ ነው፣ ለሰው የሚመች ነው፣ ለዕቃ ጋሪ ግን እኔ አላየሁበትም፣ ክብደት ይጨምራል ዋጋም ይጨምራል። ሰው ልጫን የምትሉ አስገቡ።

የፈረሱ ማሰሪያ ዕቃ ላይ ግን አትቆጥቡ። ባለጋሪ ሰፈር ሄዳችሁ ፈረሶቹን እዩ፣ ቁስሉ ያለው ደረቱና ጀርባው ላይ ነው፣ ናይለን ገመድ ያረፈበት ቦታ። በኛ አገር የጋሪ ፈረስ ላይ የሚበዛው እብጠት እብጠት እየሠራ የሚፈነዳው በሽታ፣ ሐኪሞቹ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚሉት፣ ፈንገስ ነው፣ በዋናነት በቁስል በኩል ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ርካሽ ገመድ አስሮ ፈረስ ማቁሰል ማለት በሽታውን በር መክፈት ነው። ሰፊ ቀበቶ፣ ከስሩ ቡትቶ ወይ ሱፍ ያለው። ጋሪ ፍሬን ስለሌለው ደግሞ ከታፋው ኋላ የሚዞረው ቀበቶ የግድ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ጋሪውን ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው፣ ብዙ ጀማሪ ይተወዋል፣ ከዛ ጋሪው ፈረሱን ከኋላ እየመታው ፈረሱ ይደነብራል። ከኋላ አንጸባራቂ ፕላስተር ለጥፉ፣ በጣም ርካሽ ነው፣ ማታ ባጃጅ እንዳይገባባችሁ። የታርጋና የማህበር ጉዳይ፣ የትኛው መንገድ ላይ ጋሪ እንደማይገባም፣ ከማሠራታችሁ በፊት ቀበሌያችሁን ጠይቁ።

አሁን ወደ ጉድለታቸው ልምጣ፣ ሁሉን አወድሼ ልጨርስ አይደለም። ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቁም፣ ሐሙስ ያሉት ቅዳሜ፣ ቅዳሜ ያሉት ከዛ በኋላ ነው የሚሆነው። ጄኔሬተር የላቸውም፣ መብራት ከሄደ ሥራው ቆመ። ቀለማቸው ደግሞ በጣም መጥፎ ነው፣ አንድ አረንጓዴ አላቸው በቃ እሱ ነው፣ ልጁ አሁንም ያ ቀዩ ጋሪ ትዝ እያለው ያኮርፋል። ደረሰኝም አይሰጡም፣ እኔ የተስማማነውን በደብተር ላይ ጽፌ አስፈርሜያቸዋለሁ፣ ፈገግ ብለው ፈረሙ።

ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ፣ አንዱ ለቀጠሮው። ልትሄዱ ከሆነ ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ይዘጋሉ፣ ፈረሱንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለዚያ መልሰው ነው የሚልኳችሁ።