የጨረቃ ኬክ፦ ለስጦታ የካርቶኑን፣ ለሆዳችሁ ትኩሱን

ከቻይና በዓላት ሁሉ የኔ ምርጫ ጆንግቺው፣ የጨረቃ ኬክ የሚበላበት የመኸር አጋማሽ በዓል ነው። በጨረቃ አቆጣጠራቸው 8ኛው ወር በገባ በ15ኛው ቀን ይውላል፤ በ2025 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 6 ነበር። ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ እራት ይበላል፣ ጨረቃ ትታያለች፣ ኬክ ይቆረጣል። አለቀ። ስለ ኬኩ ግን ብዙ የሚባል አለ።

በየሱቁ በካርቶን ተደርድሮ የምታዩት በአብዛኛው የደቡብ ቻይናዋ የጓንግዶንግ ግዛት ዓይነቱ ነው። ውስጡ የሎተስ ፍሬ ተቀቅሎና ተፈጭቶ ከስኳርና ከዘይት ጋር የተዋሃደ ሲሆን፣ መሃሉ ላይ በጨው የተዘፈዘፈ የዳክዬ እንቁላል አስኳል አንድ ወይ ሁለት ይገባበታል። ጣፋጭ ውስጥ ጨዋማ እንቁላል ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። እኔ ያለ አስኳሉ አልገዛም፣ ያንን ሁሉ ስኳር የሚያቻችለው እሱ ነው። ባለ ሁለት አስኳሉ አንዱ ብቻ ወደ 800 ካሎሪ ስለሚጠጋ ብቻችሁን አትጋፈጡት፤ ለዚህም ነው በስሱ እየተቆረጠ ለቤቱ ሰው ሁሉ የሚከፋፈለው። ስኳር የሌለው ሻይ ከጎኑ ይኑር፣ አለዚያ ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

ቅሬታዬ ካርቶኑ ላይ ነው። አምና በኢንተርኔት ያዘዝኩት መሳቢያ ያለው፣ ሪባን የታሰረበት፣ ሲያዩት የጌጣጌጥ ሳጥን የሚመስል ነበር፤ ሲከፈት ኬኮቹ ሚጢጢ፣ አስኳሉም በፍለጋ የሚገኝ! መንግሥትም ነገሩ ስለበዛበት ከ2022 ጀምሮ ማሸጊያው ከሦስት ድርብ እንዳይበልጥ ደንብ አውጥቷል። ዛሬም ቢሆን ግን ከመግዛታችሁ በፊት የተጣራ ክብደቱን አንብቡ። ለአማት ወይ ለአለቃ ከሆነ ካርቶኑ ያምራል፣ አልከራከርም።

ለመብላት ከሆነ ሻንጋይ ወይ ጎረቤቷ ሱጆ ከተማ ሂዱና ባለ አሳማ ሥጋውን ከምጣዱ ላይ እንደወረደ ግዙ። ቅርፊቱ በአሳማ ስብ ተደራርቦ የተዳመጠ ስለሆነ ስትነክሱት ይበተናል፣ ከውስጥ ትኩስ መረቅ ይወርዳል፣ ሸሚዛችሁን ጠብቁ። የጓንግዶንጉ ከተጋገረ በኋላ ቅርፊቱ ዘይት እስኪመጥና እስኪለሰልስ አንድ ሁለት ቀን ይቀመጣል። ይሄኛው ግን ከቀዘቀዘ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ በካርቶን ታሽጎ ሲሸጥ ካያችሁት እለፉት። ሰልፉ በበዓሉ ሰሞን ረጅም ነው፣ ጠዋት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። አሳማ ለማይበሉ ይሄ ምርጫ አይሆንም፤ የጓንግዶንጉም ቢሆን የአሳማ ስብ ይኑርበት አይኑርበት ማሸጊያውን ይዩ።

የለውዝና የዘር ድብልቁ፣ ውረን የሚሉት፣ ወጣቶቹ የሚቀልዱበት ነው። እኔም ብዙ አልወደውም፣ ጥርስ ይፈትናል። አያት ያለበት ቤት ከተጋበዛችሁ ግን አንድ ጨምሩ፣ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ሊሆን ይችላል።