አይ ፒ ኤን አይ፣ የተክል ስም ማውጫው ዌብሳይት፦ ባልትና ለምትሠሩ ሰዎች የኔ አስተያየት

እኔ ሥራዬ ባልትና ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ መከለሻ፣ የቂቤ ማንጠሪያ ቅመም እያዘጋጀሁ ጥቂቱን እዚሁ አዲስ አበባ ለሰፈር ሱቆች አስረክባለሁ፣ አብዛኛውን ግን ውጭ ላሉ ደንበኞች ነው ምልከው። ዛሬ ምጽፈው ስለ ቅመሙ ሳይሆን ስለ አንድ በነፃ ምጠቀምበት ዌብሳይት ነው፣ ምክንያቱም እኔ ባውቀው ኖሮ ከብዙ ጣጣ እተርፍ ነበር፣ እናንተም ሌብል ከማሳተማችሁ በፊት ብታዩት ይጠቅማችኋል ብዬ ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በኮረሪማ ነው። ጀርመን ያለ አንድ ደንበኛ ኮረሪማ አዘዘኝ፣ ወረቀቱ ላይ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ይጻፍ አለ፣ የእጽዋት ጤና ሰርተፍኬቱም ይጠይቃል። ሌብሉን የሠራልኝ ልጅ ኢንተርኔት ላይ "ካርዳሞም" ብሎ ፈልጎ ያገኘውን "ኤሌታሪያ ካርዳሞመም" ሚለውን ለጠፈበት፣ እኔም ሳላጣራ ላክሁ። ለካ እሱ የሄል ስም ነው። ሄልና ኮረሪማ ደግሞ አንድ ላይ የሚጠራ ነገር አይደለም፣ ሽታውም መልኩም ዋጋውም ሌላ ነው፣ ማንኛዋም እናት ዓይኗን ጨፍና ትለያቸዋለች። ደንበኛው "ወረቀቱ ሌላ ዕቃው ሌላ" ብሎ ጻፈልኝ፣ ልክ ነበር። ያን ቀን በጣም አፈርኩ፣ ከዛ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ቅመሜን አንድ በአንድ ስሙን ላጣራ ወሰንኩ።

አይ ፒ ኤን አይ ማለት ዓለም አቀፍ የተክል ስሞች ማውጫ ነው። ለንደን ያለው የኪው የእጽዋት ማዕከል፣ አሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የደረቅ እጽዋት ስብስብና የአውስትራሊያው ብሔራዊ የእጽዋት ስብስብ አንድ ላይ ሆነው ነው ሚያዘጋጁት። ሥሩ ቆየት ያለ ነው፣ ቻርልስ ዳርዊን በሰጠው ገንዘብ የተጀመረና ከ1893 ጀምሮ መታተም የጀመረ የኪው የስም ማውጫ ነበረ፣ የሱ መዝገብ ነው ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ኢንተርኔት ላይ የወጣው። አካውንት ክፈቱ አይልም፣ ክፈሉ አይልም፣ ማስታወቂያ የለውም። ስም ትጽፋላችሁ፣ እሱ ደግሞ ስሙን ማን እንዳወጣው፣ የት መጽሐፍ ላይ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደታተመ ያወጣላችኋል። በቃ ሥራው ይኸው ነው፣ ግን ይሄን ሥራውን አጥርቶ ይሠራል።

ታዲያ እኔ መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርት ብዬ ጀመርኩ፣ አሊየም ሳቲቨም፣ ኤል.፣ 1753 ይላል። ድንብላል፣ ኮሪያንድረም ሳቲቨም፣ ኤል.፣ 1753። ከሙን 1753። ጥቁር አዝሙድ፣ ናይጄላ ሳቲቫ፣ 1753። አብሽ 1753፣ እርድ 1753፣ በሶብላ 1753፣ ቁንዶ በርበሬ 1753፣ ተልባ 1753፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ራሱ በርበሬው ካፕሲከም አኑም ሳይቀር 1753። እውነቴን ነው ምላችሁ ሲስተሙ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፣ ዓመት ሲጠፋበት እንዲሁ 1753 እያለ ሚሞላ መሰለኝና ስልኩን ዘግቼ ድጋሚ ከፈትኩት።

ስህተት አልነበረም። ያ ዓመት ካርል ሊኒየስ የሚባለው ስዊድናዊ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ መምህር ስፒሺስ ፕላንታረም የተባለውን ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ያወጣበት ዓመት ነው። በዛን ጊዜ የሚያውቃቸውን ወደ 6000 ሚጠጉ ዝርያዎች ከመላው ዓለም ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ሁለት ቃል ብቻ የሆነ ስም ሰጠ፣ አንዱ የቤተዘመዱ፣ ሌላው የራሱ፣ ልክ እኛ ስምና የአባት ስም እንደምንለው ማለት ነው፣ እነሱ ግን ዘመዱን ያስቀድማሉ። ከሱ በፊት የተክል ስም ማለት ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር። ቡናን ለምሳሌ "ቅጠሉ የሎረል ቅጠል የመሰለ፣ ዘሩ እኛ ዘንድ ካፌ የሚባል የአረብ ጃስሚን" ብለው ይጠሩት ነበር፣ አስቡት ይሄን ሌብል ላይ ስትጽፉ። በኋላ የእጽዋት ሊቃውንት ተስማምተው ሜይ 1 ቀን 1753ን የስም መቁጠሪያ መነሻ አረጉት፣ ከዛ በፊት የወጣ ስም አይቆጠርም። ለዛ ነው ግማሹ የኔ ሱቅ በአንድ ዓመት የተሰየመው። "ኤል." ሚለው አንድ ፊደል ራሱ ሊኒየስ ነው፣ "ኤል. ኤፍ." ካለ ልጁ ነው፣ ይሄን ካወቃችሁ ዌብሳይቱን ማንበብ ግማሹ አለቀላችሁ።

ሌላው ግማሽ ደግሞ ቅንፉ ነው። አዝሙድን ስትፈልጉ ትራኪስፐርመም አሚ ብሎ (ኤል.) ስፕራግ 1929 ይላል። ቅንፍ ውስጥ ያለው መጀመሪያ ስም ያወጣለት ሰው ነው፣ ከቅንፉ ውጭ ያለው ደግሞ በኋላ "ይሄ ተክል የዚህ ዘመድ አይደለም" ብሎ ወደ ሌላ ቤተዘመድ ያዛወረው ነው። ዝንጅብል ቅንፍ ባይኖረውም ቤት ቀይሯል፣ ሊኒየስ በ1753 የኮረሪማ ዓይነቶች ዘመድ አርጎት ነበር፣ ሮስኮ የሚባል ሰው በ1807 የአሁኑን ስሙን ሰጠው። ቅርንፉድ 1939 ላይ ነው የአሁኑን ስሙን ያገኘው። እኔ መጀመሪያ ቅንፉን ዝም ብዬ እዘለው ነበር፣ አሁን ግን መጀመሪያ ምመለከተው እሱን ነው፣ የዕቃው ታሪክ ያለው እዛ ውስጥ ነው።

ቡና ላይ ስደርስ ቆምኩ። ኮፊያ አራቢካ፣ ኤል.፣ 1753። አራቢካ፣ የአረብ። ሊኒየስ መጽሐፉ ላይ ሀገሩን ሲጽፍ የመንን ነው የጻፈው፣ ምክንያቱም አውሮፓ የደረሰው ቡና በየመን በኩል የሄደው ነበር፣ እሱ በዓይኑ ያየው ደግሞ አትክልት ቤት ውስጥ የተተከለውን ነው። በእኛ አቆጣጠር እኮ ሚያዝያ 1745 መሆኑ ነው፣ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ የነገሡበት፣ እቴጌ ምንትዋብ አገሩን የሚያስተዳድሩበት ጊዜ፣ ከፋና ኢሉባቦር ጫካ ውስጥ ደግሞ ቡናው እንደ ዛሬው ማንም ሳይተክለው በቅሎ ነበር። ስሙን ማን ይመልሰው፣ ሕጉ አይፈቅድም፣ አንዴ በአግባቡ የታተመ ስም "አገሩን ተሳስቷል" ተብሎ አይሰረዝም። እኔ ይሄን ሳነብ ተናድጄ አይደለም፣ አዝኜ ነው፣ ግን አንድ ነገር ገባኝ፣ ስሙ ሲወጣ እኛ እዛ ቦታ ላይ ካልነበርን ሌላ ሰው በሚያውቀው መንገድ ነው ሚጠራን።

ደግሞ ደስ ያለኝንም ልናገር። ጤፍን ስፈልግ ኤራግሮስቲስ ጤፍ ብሎ (ዙካኒ) ትሮተር 1918 አወጣልኝ። ጣሊያናዊው ዙካኒ በ1775 ስም ሲያወጣለት የራሳችንን ቃል ነው የወሰደው፣ ከ140 ምናምን ዓመት በኋላ ትሮተር ወደ ሌላ ቤተዘመድ ሲያዛውረውም "ጤፍ" ሚለው አልተነካም። ኮረሪማዬም እንደዛው፣ አፍራሞመም ኮሮሪማ፣ (ኤ. ብራውን) ያንሰን 1981፣ ብራውን በ1848 ሲሰይመው ቃሉ የኛው ነው። ኮሰረት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፣ ሊፒያ አዶኤንሲስ ይባላል፣ "አዶኤንሲስ" ማለት የአድዋ ማለት ነው፣ እኛ ቂቤ ምናነጥርበትን የተለየውን ዓይነት ደግሞ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ራሳቸው ናቸው "ኮሰረት" ብለው በሳይንሱ ስም ውስጥ ያስገቡት። አድዋና ኮሰረት አንድ ስም ውስጥ! ይሄን ለእናቴ ሳነብላት ደጋግሜ እንድነግራት አረገችኝ።

አሁን ድክመቱን ልንገራችሁ። አንደኛ በአማርኛ አይፈልግም፣ ድንብላል ብትሉት ምንም አያመጣም፣ ስለዚ ቢያንስ የላቲን ስሙን ግማሹን ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። ሁለተኛ፣ ይሄን በደንብ ያዙት፣ አይ ፒ ኤን አይ ስሙ መቼና በማን እንደወጣ ብቻ ነው ሚነግራችሁ እንጂ ዛሬ የትኛው ስም እንደሚሠራ አይፈርድም። ለዛ የኪው ሌላኛው ዌብሳይት አለ፣ ፕላንትስ ኦፍ ዘ ወርልድ ኦንላይን ሚባለው፣ ከ2017 ጀምሮ ያለ፣ እሱም ነፃ ነው። እኔ የጥብስ ቅጠልን በድሮው ስሙ ሮስማሪነስ ኦፊሲናሊስ፣ 1753፣ ብዬ ሌብል ላሳትም ስል እዛ ገብቼ ሳየው ለካ ከሳልቪያ ዘመዶች ጋር ተቀላቅሏል፣ ሳልቪያ ሮስማሪነስ ሆኗል። ሁለቱንም ሳታዩ ማተሚያ ቤት እንዳትሄዱ። ሁለተኛው ላይ ካርታም አለው፣ ተክሉ በተፈጥሮ ሚበቅልበት አገር አረንጓዴ፣ ሰው ወስዶ የተከለበት ደግሞ ወይን ጠጅ ነው፣ የኮረሪማን ካርታ ከፍታችሁ እዩት፣ አገራችን አረንጓዴ ሆና ስታዩ ደስ ይላል።

ሦስተኛው ድክመት የዌብሳይቱ አይደለም፣ ግን መናገር አለብኝ። ጥምዝ ላይ ተቸገርኩ። ብዙ ነጋዴ ፓይፐር ሎንገም ብሎ ነው ሚጽፈው፣ 1753፣ እሱ ግን የህንዱ ነው፣ በደቡብ ምዕራብ ጫካችን ሚበቅለው ፓይፐር ካፔንሴ ነው፣ ሊኒየስ ልጁ በ1782 የሰየመው። የኔ ጆንያ ውስጥ ያለው የቱ እንደሆነ ኮምፒውተር ሊነግረኝ አይችልም፣ ስሙን እንጂ ዕቃውን አያየውማ። እንደዚ ሲሆን አራት ኪሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ብሔራዊ የእጽዋት ስብስብ አለላችሁ፣ ከ1959 ጀምሮ የተሰበሰበ የደረቀ ተክል በወረቀት ላይ ተለጥፎ የተቀመጠበት ነው፣ ቅጠሉም አበባውም ያለበት ናሙና ከያዛችሁ ከዛ ጋር ማመሳከር ነው። እኔም ከጅማ በኩል ቅጠሉ የተያያዘበት ጥምዝ እንዲላክልኝ አዝዣለሁ፣ እስኪመጣ ጥምዙ ላይ በአማርኛ ብቻ ጽፌ ነው ምሸጠው።

የዛ ስብስብ ታሪክም ገርሞኛል። የኢትዮጵያና የኤርትራን እጽዋት በሙሉ የመዘገበው ትልቁ ሥራ በ1980 ተጀምሮ እስከ 2009 የቆየ ነው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩት ከማን ጋር መሰላችሁ፣ ከኡፕሳላ ጋር፣ ሊኒየስ ካስተማረበት ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ጋር። የተመዘገበው ዝርያ ደግሞ 6000 ገደማ ነው። ሊኒየስ በ1753 ከዓለም ሁሉ ሰብስቦ የደረሰበት ቁጥር ማለት ነው እኮ፣ በሁለት አገር ብቻ። እኔ ከዛ ውስጥ ሱቄ ውስጥ ያለኝ 30 አይሞላም።

እና ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ስም መፈለግ ስለማይቻል ነው፣ ይሄ ቢስተካከል ለገበሬውም ለነጋዴውም ትልቅ ነገር ነው። ስልክ ላይ ይሠራል፣ ዳታ ብዙም አይበላም፣ ፎቶ ግን አትጠብቁ፣ እንጉዳይም አትፈልጉበት፣ እዛ ውስጥ የለም። የዓመቱን ማጣሪያ ሞክሩት፣ የታተመበት ዓመት ሚለው ላይ 1753 ብላችሁ ስትጽፉ ማዕድ ቤታችሁ በሙሉ ተሰልፎ ይመጣል።

አዲሱ ሌብሌ ባለፈው ሳምንት ታትሞ መጣ። ከላይ ትልቅ አርጌ ኮረሪማ በአማርኛ፣ ከሱ ሥር አፍራሞመም ኮሮሪማ፣ ቅንፉ ውስጥ ብራውን፣ ከቅንፉ ውጭ ያንሰን፣ ከታች ደግሞ የመጣበት አገር ጅማ። የጀርመኑ ደንበኛም እንደገና 10 ኪሎ አዟል።