መቀነት፣ ላስቲክ ወይስ ቆዳ? ሸክም ለምታነሳ ሴት የወገብ ቀበቶ ምርጫ

የእናቴ መቀነት ወገቧን ደጋግሞ ዞሮ ጫፉ ላይ ብር ይቋጠርበታል። ባለፈው ዓመት ከዚያው ጫፍ ፈትታ በሰጠችኝ ብር ደብረ ብርሃን ላይ የላስቲክ የወገብ ቀበቶ ገዛሁላት። መንዝ ውስጥ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣ ይደግፋታል ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። «ሳጎነብስ ሆዴን ይወጋኛል፣ ስቀመጥ ጎድኔን ይነካኛል፤ ምን አለፋህ ልጄ» አለችኝ። ሌላ ሴት ከመቀነቷ ጫፍ ከመፍታቷ በፊት ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራት።

በብዛት የሚሸጠው ይኸው ሰፊው የላስቲክ ቀበቶ ነው። ይሞቃል፤ ድንገት እንዳያጎነብሱም ያስታውሳል። ወገቧን ለታመመች ሴት ለጥቂት ቀናት ማስታገሻ ሊሆን ይችላል። ጉዳት ይከላከላል የሚለው ግን አያስኬድም። አሜሪካ ውስጥ ከ9 ሺህ በላይ የሱቅ ዕቃ አንሺዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ ቀበቶ በታጠቁትና ባልታጠቁት መካከል በወገብ ጉዳት ረገድ ልዩነት አላገኘም። የግድ የሚገዛ ከሆነ ሻጩ በዓይን ገምቶ የሚያነሳውን ሳይሆን ወገብ ተለክቶ የሚመጥነውን መውሰድ ይሻላል። ቁመቷ አጠር ላለ ሴት ጠባቡ ይመረጣል፤ የእናቴን ጎድን የነካው ስፋቱ ነው።

የቆዳው ቀበቶ ሌላ ዕቃ ነው። ክብደት አንሺዎች የሚታጠቁት ይህ ወፍራም ቀበቶ ብዙውን ጊዜ 10 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። የሚሠራው አየር ስቦ ሆድን ወደ ቀበቶው በመግፋት ነው፤ ሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት አከርካሪን ያጸናል። ስለዚህ ጥቅሙ ለጥቂት ሰከንድ ማንሻ እንጂ ለግማሽ ሰዓት ዳገት አይደለም። ስፖርት ቤት ብረት ለምታነሳና ያለ ቀበቶ በትክክል ማንሳት ለለመደች ወጣት ይህን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ደም ግፊት ያለባት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ግን ሐኪም ሳታማክር አትታጠቀው።

መቀነትስ? ላስቲኩ የሚሰጠውን ሙቀትና ማስታወሻ እሱም ይሰጣል፤ ከሰውነት ጋር ይስማማል፣ ዋጋውም አስቀድሞ ተከፍሏል። ለሸክም ብቻ ከሆነ ከላስቲኩ አላሳንሰውም። ሆኖም የትኛውም ቢሆን ሆድን አጥብቆ ሲያስር ግፊቱ ወደ ታች፣ ማህፀንን ደግፎ ወደያዘው ጡንቻ ይሄዳል። ደጋግማ የወለደችና ከባድ የምትሸከም ሴት ለማህፀን መውረድ የተጋለጠች ናት። ወደ ታች የሚጎትት ነገር ከተሰማት መሄድ ያለባት ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ገበያ ላይ የማይገኘው ቀበቶ ከቆዳ በታች ያለው ነው። ከሆድ ጡንቻዎች ጥልቁ ከጀርባ ተነስቶ ወደ ፊት እንደ መቀነት ይዞራል። ማጠንከሪያው ቀላል ነው፦ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሳት፤ ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ዘርግቶ መቆየት፣ ከዚያ ማቀያየር። እግርም አይረሳ። ሴቶች በጥንካሬ ከወንዶች የሚርቁት በክንድና በትከሻ ነው፤ በእግር ልዩነቱ ይጠባል። ጀሪካኑን ከመሬት ሲያነሱ ጉልበትን አጥፎ፣ ሸክሙን ወደ ሰውነት አስጠግቶ መነሳት የሚባለው ለዚህ ነው።

ክብደቱም አለ። የብሪታኒያ የሥራ ደኅንነት መመሪያ ለሴት መነሻ አድርጎ የሚይዘው፣ ሸክሙ ለሰውነት ተጠግቶ በወገብ ከፍታ ሲሆን 16 ኪሎ፣ ከመሬት ሲነሳ ደግሞ 7 ኪሎ ነው። ሙሉው ጀሪካን በውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል! አህያ ካለ ለአህያ፤ ከሌለ ባለ 10 ሊትር ገዝቶ ሁለት ጊዜ መመላለስ። መንገዱ ሲረዝም ይህ ምክር እንደሚያናድድ አውቃለሁ፤ እናቴንም አናዷታል።

ባለ 10 ሊትሩን ግን ተቀብላኛለች። የላስቲኩን ቀበቶ በውርጭ ማለዳ ከጋቢዋ ሥር ለሙቀት ትታጠቀዋለች፤ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ፈትታ ትሰቅለውና መቀነቷን ታጠብቃለች።